የሌማ ሦስት ባለቤት

ቀጥሎ ከምታነቡት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ ያ ከሱቄ ጥግ የቆመው የወረቀት መቁረጫ አሥሩንም ጣቶቼን ባንድ ምት ይውሰዳቸው። ዘጠኙን አላልኩም፤ አሥሩንም! በየሳምንቱ በዚህ ገጽ ላይ ፍቅር የሚያስነብቧችሁ ሰዎች ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። ግን ከራሳቸው ነው የሚያመጡት። እኔ የማወራው ያየሁትን፣ የሰማሁትንና በገዛ እጄ የጠረዝኩትን ነው። ደግሞ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ሁለት ዓመት ሙሉ አምቄ ይዤው ጨጓራዬን ልጦታል።

ፈቃዱ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ ፈቃዱን የማያውቅ ሰው ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ማንበብ አይችልም። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለው የፎቶ ኮፒና የጥራዝ ቤት የኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ግቢ የወጣ ማስተርስ ሁሉ በኔ እጅ አልፏል። ዶክተሮቹ ፈተኑት ይባላል እንጂ መጀመሪያ የሚፈትነው ፈቃዱ ነው። ባለቤቴ ዘርፉ "አንተ የምታውቀው ገጽ መቁጠር ነው" ትላለች። እሷን ተዉአት።

ከተማሪ ሁሉ የምፈራው የሒሳብ ተማሪን ነው። የሌላው ቴሲስ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ትንሽ ቢንሻፈፍም ይታለፋል። የሒሳቡ ግን አንዲት ምልክት ከቦታዋ ዝንፍ ካለች ልጁ ፊቱ አመድ ይሆናል። ጋሮምሳም የመጣው እንዲሁ ፊቱ አመድ ሆኖ ነው። የዓለም ጤና ከተማ ልጅ ነው፤ አባቱ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል። "አካም ጅርቱ፣ ጋሼ" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም እያለኝ ገባና ፍላሹን ሰጠኝ። ወረቀቱ ከማሽኑ ሲወጣ ከኋላው ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት ልጅ በትከሻው በኩል አየችውና፣

"ይቅርታ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱ ተገልብጧል" አለችው።

ጋሮምሳ መስመሩን አየ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ዞሮ እሷን አየ። ምን ልበላችሁ! ያን አስተያየት ያየ ፎቶ ኮፒ ማሽኔ በራሱ ቀጥ አለ። መብራት ሄዶ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ። መብራት የሄደው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ልጅቷ ትህትና ትባላለች፤ ከጋሮምሳ ጋር የአንድ ባች የማስተርስ ተማሪ ናት። የአቶ አስፋው ልጅ። አቶ አስፋው ማለት ብረትና ሲሚንቶ ነጋዴው፤ የአዳማ ግማሽ ቤት በሳቸው ብረት ነው የቆመው። ግማሽ አልኩ እንዴ? ሁለት ሦስተኛው! በቸርቻቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ጸሎት ሲመሩ የሚሰማቸው ሰው ከማልቀሱ በፊት ሰዓቱን ያያል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ልጆች በኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ሠፈሩ። እንደ ሌላው ፍቅረኛ አይነካኩም። መሀላቸው ወረቀት አኑረው በተራ ይጽፋሉ። እሷ አንድ መስመር፣ እሱ አንድ መስመር። እርሳሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ብቻ ጣቶቻቸው ይገናኛሉ። ታዲያ እርሳስ ማቀባበል ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ዘርፉ እንኳ፣ ድንጋይ የሆነችው ዘርፉ፣ ላሚኔት የምታደርገውን መታወቂያ አቃጥላ ቆማ ታያቸው ነበር።

የሚሠሩትን ለማንም እንዲገባ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ፕሮፌሰሮቹ ሲያስረዱ ያወሳስቡታል። አንድ ቀመር አለ፤ ውስጡ ኤፕሲሎን የምትባል ኢምንት ቁጥር ተሸጉጣለች። ኤፕሲሎን እያነሰች በሄደች ቁጥር ኮምፒውተሩ የሚሰጠው መልስ እየተበላሸ ይሄዳል። የጋሮምሳ ቴሲስ፣ ኤፕሲሎን የፈለገችውን ያህል ብታንስ መልሱ የማይበላሽበትን ዘዴ መፈለግ ነው። ለዚያ ደግሞ መወጣጫ የሚሆኑ ትንንሽ ማረጋገጫዎች ያስፈልጋሉ፤ እነሱ ሌማ ይሏቸዋል። ሌማ አንድ ተገኘች። ሌማ ሁለት ተገኘች። ሌማ ሦስት ግን እምቢ አለች። እሷ ካልተገኘች ቴሲስ የለም፤ ቴሲስ ከሌለ ምርቃት የለም። በዩኒቨርሲቲው ለምሩቃን የተከፈተችው አንዲት የመምህርነት ቦታም ትቀራለች። ዓለም ጤና ያሉት ቤተሰቦቹ ደግሞ ያቺን ቦታ እንደ ዝናብ ነበር የሚጠብቋት።

በዚህ መሀል አቶ አስፋው ሰሙ። ሰሙና ምን አደረጉ? ልጅቷን በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከትምህርቷ አስወጧት! በማስተርስ ባቿ አንደኛ የነበረችን ልጅ! ስልኳንም ወሰዱ። "ማስተርስ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል?" አሉ። "ሒሳብ እንደሆነ ሱቄም ውስጥ አለ፤ የሽንኩርት ልጅ ሳይጨመርበት!"

ይህን ስሰማ እንዴት እንዳበድኩ! ሒሳብ ሱቃቸው ውስጥ አለ! ሚስማር በኪሎ የሚሸጥበት ቦታ ኤፕሲሎን አለች! እኔ እንኳ፣ ይህን ሁሉ ሒሳብ ያሳተምኩ ሰው፣ ሒሳብ ሱቄ ውስጥ አለ ብዬ ደፍሬ አላውቅም። ሳምንት ሙሉ ምግብ አልቀመስኩም። ዘርፉ በልቷል ብትላችሁ አትመኗት።

ትህትና ግን የዋዛ ልጅ አይደለችም። ከቤት ለመውጣት የተፈቀደላት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በየሳምንቱ የመዘምራኑን የመዝሙር ወረቀት ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት። የት ነው የምታስነሳው? እኔ ጋ! ወረቀቶቹን ስትሰጠኝ ከመጨረሻው መዝሙር በታች የታጠፈ ደብዳቤ ይኖራል። ጋሮምሳ መጥቶ ይወስዳል፤ መልሱን ያኖራል። መቶ አርባ ደብዳቤ በዚህ እጄ አልፏል። እኔ የሰው ደብዳቤ አላነብም። አንዱን ብቻ ነው ያነበብኩት፤ እሱንም ጋሮምሳ ራሱ እያለቀሰ ስለሰጠኝ።

እንዲህ ይላል፦

"ጋሮሜ፣ ዓርብ ዕለት በመስኮት ሆኜ ባጃጅ ስቆጥር ዋልኩ። አንዱም አንተን አልያዘም። ሲሰለቸኝ ወደ ችግራችን ተመለስኩ። ሁለት ወር የተቸገርነው ነጥቦቹን በእኩል ርቀት ስላስቀመጥናቸው ነው። መልሱ በድንገት በሚወረወርበት ዳር ላይ አጠጋጋቸው፤ መሀል ላይ አራርቃቸው። ያኔ ስህተቱ ከኤፕሲሎን ነፃ ይሆናል። ሙሉ ማረጋገጫው ከጀርባው አለ። ናፍቀኸኛል። ከጀርባው ያለውን ቀስ ብለህ አንብበው፤ ናፍቀኸኛል የሚለውን ግን ቶሎ ቶሎ።"

ገለበጥኩት። ከላይ እስከ ታች ሒሳብ ነው፤ አንድ ስርዝ የለበትም። ሌማ ሦስት ማለት ያቺ ናት። የመዝሙር ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በር የተቆለፈባት ልጅ የጻፈቻት። ጋሮምሳ ወረቀቱን ተቀብሎኝ ደረቱ ላይ ለጠፈው። ዓለም የኔ ናት ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

ከደስታው ብዛት አማካሪው ዶክተር ጫላ ዘንድ ሮጠ። ዶክተሩ አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ እንደገና አነበቡ። "የት አገኘሃት?" አሉት። እሱም የዋህ ነውና እውነቱን ነገራቸው። ያን ጊዜ ዶክተሩ ወንበራቸውን ወደ እሱ ሳቡ።

"ስማኝ፣ ልጄ። ቴሲስህ ላይ የምትፈርምበት ገጽ 'ሙሉ በሙሉ የራሴ ሥራ ነው' ይላል። ከፕሮግራሙ የወጣች ልጅ ዋናውን ነገር ሠራችልኝ ካልክ ኮሚቴው ይጥልሃል። ያቺ የመምህርነት ቦታም ለሌላ ሰው ትሄዳለች። ልጅቷ እንደሆነ ወጥታለች፤ ሌማዋ ምን ታደርግላታለች?"

ምን ታደርግላታለች! ይህን የሚሉት የተማሩ ሰው ናቸው! አባትየው "ማስተርስ ምን ያደርግላታል"፣ ዶክተሩ "ሌማ ምን ታደርግላታለች"! ይቺ ልጅ ለራሷ የሚያደርግላት ነገር ምን እንደሆነ እንዴት አንድ ሰው እንኳ እሷን አይጠይቃትም?

የቴሲሱ ንጹሕ ቅጂ በኔ እጅ ተጽፎና ተጠርዞ ሱቄ ባንኮኒ ላይ ተቀምጦ ሳለ ትህትና መዝሙሯን ይዛ ገባች። ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ሌማ ሦስት ላይ ስትደርስ ቆመች። ጣቷን መስመሮቹ ላይ እየጎተተች እስከ ታች ወረደች፤ የገዛ ልጇን ፊት የምትዳስስ እናት ነበር የምትመስለው። ከዚያ ወደ ሽፋኑ ተመለሰች። አንድ ስም ብቻ። በዚያች ቅጽበት ጋሮምሳ ገባ።

"ስሜ የታለ?" አለችው።

"ትህትናዬ፣ መጀመሪያ ስሚኝ…"

"እየሰማሁህ ነው። ስሜ የታለ?"

"ስምሽን ካስገባሁ ይጥሉኛል። ከጣሉኝ መምህርነቱ የለም። መምህርነቱ ከሌለ በምን ዓይኔ ነው አባትሽ ደጅ ሽማግሌ የምልከው? ላንቺ ብዬ እኮ ነው!"

"ለኔ ብለህ እኔን ፋቅኸኝ?"

ጋሮምሳ ቅጂውን ሊወስድ እጁን ዘረጋ፤ አልለቀቀችለትም። 

"አባቴም ለኔ ብሎ ነው ከትምህርት ያስወጣኝ" አለች። ድምጿ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ዶክተሩም ላንተ ብለው ነው። ሁላችሁም ለሰው ብላችሁ ነው። እኔ ከዚያ ግቢ ይዤው የወጣሁት ድግሪ የለም፣ ጋዋን የለም፣ ፎቶ የለም። የቀረችኝ ይቺ አንድ ገጽ ናት። እሷን ደግሞ አንተ ወሰድካት።"

"እመልሳታለሁ! ሥራ ከያዝኩ በኋላ በጆርናል ስናሳትም ሁለታችንም…"

"በኋላ አልፈልግም። ዲፌንስህ ሐሙስ አይደል? በወረቀት ላይ ይቅር፤ በአፍህ ጥራኝ። እዚያ ሰው ሁሉ ፊት፣ 'ሌማ ሦስትን ያረጋገጠችው ትህትና አስፋው ናት' በል። ካልክ፣ ድሃም ብትሆን፣ ቢጥሉህም፣ ሽንኩርት ስትለቅም ብትኖርም አብሬህ እለቅማለሁ፤ አባቴን ራሴ እጋፈጠዋለሁ። ካላልክ ግን አላውቅህም፤ አታውቀኝም።"

ወጣች። የመዝሙር ወረቀቶቿን ባንኮኒዬ ላይ ረስታ። ጋሮምሳ ወረቀቶቹን አንስቶ አንድ በአንድ ገለጣቸው፤ ከመጨረሻው በታች ምንም አልነበረም። ባዶነት ይህን ያህል እንደሚከብድ በዚያ ቀን ነው ያወቅኩት።

ረቡዕ ዕለት ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አቶ አስፋው ራሳቸው! መኪናቸውን በሬ ላይ ደቅነው ገቡ።

"አንተ ፈቃዱ! የቸርቻችን መዘምራን አሥራ ሁለት ናቸው። ልጄ በየሳምንቱ ሃምሳ ሃምሳ ወረቀት የምታስነሳው ለየትኛው መዘምራን ነው? ለመላእክቱ?"

ያን ጊዜ እኔም ጊዜዬ ደረሰ አልኩ። ባንኮኒው ላይ ወጥቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። ስለ ፍቅር ተናገርኩ፣ ስለ ትምህርት ተናገርኩ፣ ስለ ዓለም ጤና ሽንኩርት እንኳ ተናገርኩ። ባጃጆች ሞተር አጥፍተው አዳመጡ። የጋሪ ፈረሶች ጆሯቸውን አቆሙ።

አቶ አስፋው ግን እስክጨርስ ጠበቁና በዝግታ፣ "ሰማሁህ" አሉ። "አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ። ሁሉንም ነግራኛለች። እኔ ከትምህርት አስወጣኋት፤ ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት እጠየቅበታለሁ። ግን ያወቀችውን አልሰረቅኳትም። ያ ያወደስከው ልጅ ነው የሰረቃት። የጻፍክለትም የጠረዝክለትም አንተ ነህ።"

ደሜ ፈላ። "ይጠራታል!" ብዬ ጮኽኩ። "ነገ በዚያ አዳራሽ ስሟን ይጠራታል! ፈቃዱ ዋስ ነው!"

"እመጣለሁ" አሉ። "በጆሮዬ እሰማለሁ።" ሲወጡ ጀርባቸውን አየሁት። የሲሚንቶ ነጋዴ ጀርባ አልነበረም፤ የሴት ልጅ አባት ጀርባ ነበር። ተናድጄባቸው ሳለ አዘንኩላቸው፤ ያ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። እንደ ደንቡ ተማሪው ለፈታኞቹ የታሸገ ውሃ፣ ለስላሳና ኬክ ያቀርባል፤ ኬኩን እኔ ነኝ የተሸከምኩት። ክፍሉ ሠላሳ ሰው ይይዛል ይላሉ። እኔ የቆጠርኩት አንድ ሺህ ነው! በመስኮት የተንጠለጠለ ነበር። የጋሮምሳ አባት ከዓለም ጤና ኮታቸውን ለብሰው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ አቶ አስፋው ከመጨረሻው ወንበር። ትህትና ከመሀል፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል።

ጋሮምሳ ስላይዱን ጨረሰ። ከአዲስ አበባ የመጡት የውጭ ፈታኝ፣ ሽበታም አዛውንት፣ ወረቀቱን ገለጡ፣ ገለጡ፣ ቆሙ።

"እዚህ ሥራ ውስጥ" አሉ፣ "ሌላው ሁሉ የሚታወቅ ነው። ሕይወት ያለው አንድ ነገር ይቺ ሌማ ሦስት ናት። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለች ጥርት ያለች ነገር ከተማሪ እጅ አላየሁም። እንዴት ደረስክባት?"

  ዶክተር ጫላ ራሳቸውን በዝግታ ወዘወዙ፤ 'አትበል' ማለታቸው ነው። ጋሮምሳ አባቱን አየ። የአባቱን እጆች አየ። ከዚያ እሷን አየ፤ ያን የመጀመሪያ ቀን ዞሮ እንዳያት።

"አልደረስኩባትም" አለ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሌማ ሦስትን ያረጋገጠችው ትህትና አስፋው ናት! በሩ ተቆልፎባት፣ በመዝሙር ወረቀት ጀርባ ላይ! እኔ የገለበጥኩት ነው። ጣሉኝ። ሁለት ወር የለመንኩት ነገር ለኔ አልተከፈተም፤ ለሷ ተከፈተ። የሷን ስም ሳልጠራ ከዚህ ክፍል ከወጣሁ የማስተምረው ሒሳብ ሁሉ ውሸት ነው!"

ወገኖቼ! ጭብጨባው ሶደሬ ድረስ ተሰማ! የውጭ ፈታኙ ተነስተው ቆሙ። "ይህን እውነት የተናገረ ሰው ካለፈ ሁላችንም አለፍን" አሉ። ዶክተር ጫላ በሀፍረት ጠረጴዛ ሥር ሊገቡ ደረሱ። አቶ አስፋው፣ ያ ብረት፣ ያ ሲሚንቶ፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ መጥተው የጋሮምሳን አባት እጅ ጨበጡ። ትህትናም በሰው መሀል ሰንጥቃ ሄዳ ፊቱ ቆመች፤ አላቀፈችውም፣ አልሳመችውም። ከደረት ኪሱ እርሳሱን አወጣችና እጁ ላይ አኖረችው። እኔ ያን ጊዜ ሞቼ ብቀበር አይቆጨኝም ነበር።

ይህን ጽፌ ጨርሼ ለመጽሔቱ ልልክ ስል ነው ዛሬ ጠዋት ራሷ ትህትና ሱቄ የገባችው። ካየኋት ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ትራንስክሪፕቷን ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ነው፤ እንደገና ልትመዘገብ። ደስታዬን አልቻልኩትም። "ጊዜው ሲገጥም! እማኝ ከሰማይ ወረደልኝ!" ብዬ ወረቀቱን ሰጠኋት። "አንብቢና ከታች ፈርሚልኝ፤ ፈቃዱ አጋነነ የሚሉ ሰዎች አፋቸው ይዘጋ።"

ቆማ አነበበችው። ሁሉንም። አንድ ቦታ ላይ ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ የትኛው ቦታ እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካክላ መለሰችልኝ።

"ጋሼ፣ ደብዳቤዎቹ ሦስት ነበሩ" አለች።

"ሦስት? እሺ፣ ሦስት ይሁኑ…"

"እኔ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሰውየው ሲጠይቁት ሰማሁ። 'በራሴ ነው የደረስኩባት' አለ። አባባም አላለቀሰም። ተነስቶ ወጣና 'ነይ ልጄ፣ ቤታችን እንግባ' አለኝ።"

ማሽኑ የመጨረሻውን ገጽ አወጣ። ትህትና ኮፒዎቿን ሰብስባ ፋይሏ ውስጥ ከተተች፤ ልጅ አባቷን እንደምታይ፣ ያለ ምንም ቁጣ አየችኝ።

"መጀመሪያ ያጨበጨቡለት እርስዎ ነበሩ፣ ጋሼ" አለች።